ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?



የዛሬው ንግግራችን ስለ ሩቅ መንገድ ነው። የመንገዱ አንደኛው ጫፍ አዲስ አበባ፣ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሁለተኛው ጫፍ የአሜሪካ ዋና ከተማ የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ስሙ ደለስ ይባላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ምን ያህል ይርቃል? አውሮፕላንስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?

«ይህ ለእኛ ምን ይረባናል? እኛ በእግራችንና በበቅሎ የምንሄድ ሰዎች ነን» የሚል አይጠፋም። እስቲ ግን ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከዚህ ከተቀመጥነው መካከል ልጁ፣ የእኅቱ ልጅ፣ ወይም የጎረቤቱ ልጅ ባሕር ማዶ የሌለበት ስንቱ ነው? አንዱ አሜሪካ ነው፤ ሌላዋ ዐረብ አገር ናት። ልጇ በተሳፈረ ማግስት «ደረሰ ይሆን? ምነው ስልኩ ዘገየ?» እያለች እህል ሳትቀምስ የምትውል እናት አይተናል። የቲኬቱ ግልባጭ እኮ እቤት ውስጥ ነበር። የሚነሣበትም የሚደርስበትም ሰዓት ተጽፎበታል። ፊደል ከቆጠርን፣ መደመርና መቀነስ ከተማርን ወዲያ ያንን ወረቀት አንብበን መረዳት ይገባናል።

በአገራችን ገበሬ የመንገድን ርዝመት በጊዜ ነው የሚናገረው። «ገበያው የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ይላል። «ከዚህ እስከ ወንዙ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል» ይላል። ይህ አነጋገር ጥሩ ነው፤ ለመንገደኛ የሚያስፈልገው ይኸው ነውና። ነገር ግን አንድ መንገድ ሁለት ሰዓት ሊኖረው ይችላል። ወደ ቆላ ሲወርዱ ሦስት ሰዓት የፈጀ መንገድ፣ ሲመለሱ በዳገቱ ምክንያት አምስት ሰዓት ይፈጃል። መንገዱ አልረዘመም፤ ያው ነው። የተለወጠው ሰዓቱ ነው። ይህን ልብ በሉልን፤ የአውሮፕላኑም ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

በመጀመሪያ ርቀቱን እንይ። ከቦሌ እስከ ደለስ በአጭሩ መንገድ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ቁጥር ሲጠሩት ቀላል ነው። አንድ ብርቱ መንገደኛ በቀን 35 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። 11,500ን ለ35 ስናካፍል 328 ቀን ይወጣል፤ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ያውም እሑድ ሳያርፍ፣ በዓል ሳያከብር፣ ዝናብ ሳያግደው! መካከል ላይ ያለውን ባሕርስ በምን ይሻገረዋል? እሱን ተዉት፤ ሒሳቡን ለማወቅ ያህል ነው።

የዛሬው ትልቅ አውሮፕላን ከፍ ብሎ ሲበር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። እስቲ እናካፍል። 900 በ12 ሲባዛ 10,800 ነው። ከ11,500 ላይ 10,800 ሲቀነስ 700 ይቀራል። 700 ኪሎ ሜትር ለመሄድ አንድ ሙሉ ሰዓት አያስፈልገውም፤ 46 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ በሒሳባችን መሠረት ጉዞው 12 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ነው። የዓመት መንገድ የነበረው ከንጋት እስከ ምሽት ባለ ጊዜ ውስጥ ገባ ማለት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት ወር 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ፣ አውሮፕላኑ የዛሬውን ፍጥነት ሲሶ ያህል ብቻ ነበር የሚሄደው። ያን ጊዜ ሕፃን የነበረ ሰው ዛሬ አያት ሆኖ የልጅ ልጁን በዚህ ፍጥነት ይሸኛል።

ታዲያ ሄደው የመጡትን ሰዎች ስንጠይቅ መልሳቸው ከሒሳባችን ጋር አይገጥምም። «ስንሄድ መካከል ላይ አርፈን 17 ሰዓት ያህል ፈጀብን» ይላሉ። «ስንመለስስ?» ብለን ብንጠይቅ «13 ሰዓት ያህል፤ የትም ሳናርፍ በቀጥታ መጣን» ይላሉ። የመመለሻው ሰዓት ከሒሳባችን ጋር ይቀራረባል። የመሄጃው ግን በአራት ሰዓት በለጠ። እንዴት ነው ነገሩ? መንገዱ አንድ አይደለም እንዴ?

ዋናው ምክንያት አገራችን ደጋ መሆኗ ነው። የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ደለስ ግን ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፍ ባለ ቦታ ደግሞ አየር ስስ ነው። ይህን እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የቆላ ሰው ወደ ውርጭ አገር ሲወጣ ትንሽ ሄዶ ያለከልካል። ደጋ ላይ የባቄላ ንፍሮ ለመብሰል ይዘገያል፤ ቆላ ላይ ቶሎ ይበስላል። ለምን ቢሉ፣ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃውን የሚጫነው ኃይል ያንሳል። ስለዚህ ውሃው ገና በደንብ ሳይግል ይፈላል። ሲንተከተክ ብናየውም ሙቀቱ ከቆላው ፈሊ ውሃ ያነሰ ነው። በቦሌ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳር አየር ጋር ሲወዳደር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይጎድላል። ፀሐይ በበረታች ጊዜ ደግሞ ከዚህም ይሳሳል።

አውሮፕላን የሚነሣው በአየር ተደግፎ ነው። በመንደርደሪያው ላይ በፍጥነት ሲሮጥ፣ አየሩ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሞተሩም እንደ እንስሳ አየር ይስባል፤ ያለ አየር ነዳጁ አይነድም። እንግዲህ አየሩ ስስ ሲሆን ክንፉ ድጋፍ ያጣል፤ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከደጋ የሚነሣ አውሮፕላን ጭነቱ ቀለል ማለት አለበት።

አሁን ስለ ጭነቱ እንነጋገር። ሰው ሁሉ አውሮፕላን የሚከብደው በሰውና በሻንጣ ይመስለዋል። በሩቅ ጉዞ ላይ ግን ከባዱ ጭነት ነዳጁ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ትልቅ አውሮፕላን በሰዓት 5 ቶን፣ ማለትም 50 ኩንታል ያህል ነዳጅ ያቃጥላል። በ13 ሰዓት 650 ኩንታል ያህል ይሆናል። አንዲት አህያ ግማሽ ኩንታል ብትሸከም፣ ያንን ነዳጅ ለማጓጓዝ 1,300 አህያ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ ምናልባት አየሩ ተበላሽቶ ወደ ሌላ ማረፊያ መዞር ቢያስፈልግ የሚሆን ትርፍ ነዳጅ መያዝ ግዴታ ነው። ነገሩ የሚገርም ነው፤ ነዳጁም ራሱ ጭነት ስለሆነ፣ ነዳጁን ለመሸከም ሌላ ነዳጅ ይቃጠላል። ስንቁን የሚሸከምለት ሰው ቀጥሮ፣ ለዚያም ሰው ደግሞ ስንቅ እንደሚይዝ መንገደኛ ማለት ነው።

እንዲህ ተጭኖ ከባሕር ዳር ቢሆን ይነሣል። ከቦሌ ግን፣ መንደርደሪያው 4 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቢሆንም እንኳ፣ ሰውም ዕቃም ነዳጅም ሙሉ አድርጎ መነሣት ይከብደዋል። ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ብዙ ሰው ትቶ መሄድ ነው፤ ወይም ነዳጁን ቀንሶ መነሣትና መንገድ ላይ መሙላት ነው። ሰው ትቶ መሄድ ኪሳራ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ነዳጅ ቀንሶ ይነሣና መካከል ላይ አርፎ ይሞላል። በተለያዩ ዓመታት በሮም፣ በአየርላንድ ከተማ በደብሊን፣ ወይም በቶጎ ከተማ በሎሜ እያረፈ ሲሄድ ኖሯል። ማረፍ፣ መሙላት፣ እንደገና መነሣት ጊዜ ይበላል።

ሲመለስስ? ደለስ ዝቅ ያለ አገር ነው። አየሩ ወፍራም ነው። ስለዚህ ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ ይነሣል። ቦሌ ሲደርስ ደግሞ ነዳጁን አብዛኛውን አቃጥሎ ቀሏል። ለማረፍ አይቸገርም። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ይመጣል። እንግዲህ ነገሩ ከእግረኛው ተገለበጠ ማለት ነው። ለእግረኛ ወደ ደጋ መውጣት ይከብደዋል፤ ለአውሮፕላን ከደጋ መነሣት ይከብደዋል። በቢሾፍቱ አካባቢ አዲስ ትልቅ ማረፊያ እንዲሠራ ከታሰበባቸው ምክንያቶች አንዱም ቦታው ከቦሌ ዝቅ ማለቱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላኑ የሚበረው ከ10,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነው፤ ራስ ዳሸንን ሁለት ጊዜ ብንደራርበው እንኳ አይደርስበትም። በዚያ ከፍታ፣ በአውሮፓና በአትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድበት ቀን ብዙ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ወደ አሜሪካ የሚሄደው ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል። ወደ እኛ የሚመጣውን ከኋላ ይገፋዋል። በዋና ወንዝ ሽቅብና ቁልቁል የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከደብሊን እስከ ዋሽንግተን 5,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነፋሱ 100 ኪሎ ሜትር ቢቀንስበት በሰዓት 800 ይሄዳል፤ 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጅበታል። ነፋሱ 100 ቢጨምርለት ግን 1,000 ይሄዳል፤ 5 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይበቃዋል። በዚህ በአንድ ክፍል ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ልዩነት መጣ።

እዚህ ላይ «ደብሊን ማለት እኮ ወደ ሰሜን ርቆ ያለ አገር ነው፤ በዚያ መዞሩ መንገዱን አያረዝምበትም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በግድግዳ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ማስመሪያ አድርጋችሁ ብታሰምሩ፣ መስመሩ የሰሐራን በረሃ ቆርጦ በአፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ ይወጣል። ደብሊን ከዚያ በጣም ይርቃል። ነገር ግን ካርታ ጠፍጣፋ ነው፤ መሬት ደግሞ ድቡልቡል ናት። አንድ ክብ ቅል ወይም ብርቱካን አምጡ። ሁለቱን ከተሞች በከሰል ምልክት አድርጉባቸውና በመካከላቸው ክር ወጥሩ። ክሩ ሲወጠር አጭሩን መንገድ ራሱ ይመርጣል፤ ወደ ሰሜን ይጎብጣል። በእውነተኛዋ መሬት ላይ ያ ክር በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ በኩል አልፎ፣ ስፔንንና ፖርቱጋልን አቋርጦ ነው ውቅያኖሱ ላይ የሚገባው። በካርታው ቀጥታ መስመር ቢሄዱ ግን መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። በደብሊን በኩል ዞሮ መሄድስ? ከአጭሩ መንገድ ላይ የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለአውሮፕላን የ20 ደቂቃ ነገር ነው። ጠፍጣፋ ወረቀት ዐይንን ያታልላል፤ ክርና ቅል ይሻላሉ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ እውነተኛው ሰዓት ነው፤ መንገደኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስለሚቆጥረው ማለት ነው። አሁን ወደ ቲኬቱ እንምጣ። ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሌላ ነገር ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በታኅሣሥ ወር አንድ ሰው ከቦሌ ሲነሣ ቲኬቱ 22:30 ይላል። ዋሽንግተን የሚደርስበት በማግስቱ 07:30 ይላል። እስቲ ቁጠሩ። ከ22:30 እስከ 07:30 ዘጠኝ ሰዓት ነው። «ዘጠኝ ሰዓት ብቻ! ቅርብ ነው እኮ» ያሰኛል። ሲመለስ ደግሞ ከዋሽንግተን 11:00 ይነሣል፤ አዲስ አበባ በማግስቱ 08:00 ይደርሳል። ይህ ሲቆጠር 21 ሰዓት ነው። እንግዲህ በወረቀቱ መሄጃው 9፣ መመለሻው 21 ሆነ። እውነቱ ግን መሄጃው 17፣ መመለሻው 13 ነው። ቲኬቱ ዋሽቶ ነው ወይ? አልዋሸም። መነሻውን በሚነሣበት አገር ሰዓት፣ መድረሻውን በሚደርስበት አገር ሰዓት ስለሚጽፍ ነው።

ይህ የሚሆነው መሬት ስለምትዞር ነው። ፀሐይ ለሁሉም አገር በአንድ ጊዜ አትወጣም። ለምሥራቁ ቀድማ ትወጣለች፤ ለምዕራቡ ዘግይታ። በእኛ ዘንድ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ገበሬው በሬውን ሲጠምድ፣ ዋሽንግተን ገና ያለፈው ቀን ማታ 5 ሰዓት ነው፤ ሰው ሊተኛ ነው። ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። አሜሪካኖች ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ገደማ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚያስኬዱ፣ በእነዚያ ወራት ልዩነቱ 7 ይሆናል። እኛ አገር ሰዓት አይነካም።

ስለዚህ ሒሳቡ እንዲህ ነው። ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ በወረቀቱ ላይ በተቆጠረው ላይ 8 ይደመራል። 9 ሲደመር 8፣ 17። ከዚያ ሲመጡ 8 ይቀነሳል። 21 ሲቀነስ 8፣ 13። ሒሳቡ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሁለቱን ደምሩ። የወረቀቱ 9 እና 21 ሲደመሩ 30 ናቸው። እውነተኞቹ 17 እና 13 ሲደመሩም 30 ናቸው። ሲሄድ የተደበቀው 8 ሰዓት ሲመለስ ተቆጥሮ ይገኛል። አንድም ደቂቃ አልጠፋም።

መንገደኛው ይህን በዐይኑ ያየዋል። ወደ ምዕራብ ሲሄድ ከሌሊቱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ሌሊቱ አልነጋ ይለዋል። በምሳሌያችን በማታ ተነሥቶ 17 ሰዓት ሲሄድ፣ የሚነጋለት ዋሽንግተን አካባቢ ሲደርስ ነው። ሲመለስ በተቃራኒው ፀሐይ ቶሎ ትጠልቅበታለች።

አሁን ለእኛ ከሁሉ የሚብሰውን ነገር እንናገር። ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ፈረንጅ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ ከንጋት እንቆጥራለን። በመካከላችን የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። ይህን ያላወቀ ሰው ይጎዳል።

ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የምትሄድ አንዲት ልጅ እናውቃለን። ለጉዞዋ በሬ ተሸጧል። ቲኬቷ ላይ 01:30 ተብሎ ተጽፎ ነበር። ቤተሰቡ «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል» ብሎ አነበበው። ቁጥሩን በትክክል ነው ያነበቡት። ልጅቷም በሌሊት ተነሥታ፣ ጎሕ ሳይቀድ ቦሌ ደረሰች። አውሮፕላኑ ግን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሄዷል። ሌላ ቲኬት እስኪገዛ ሁለተኛው በሬ ተሸጠ። በዚያ ዓመት ያ ቤት ያረሰው በተውሶ በሬ ነው።

ስለዚህ ይህን በደብተራችሁ ጻፉት። በቲኬቱ ላይ ያለው ቁጥር ከ7 እስከ 18 ከሆነ 6 ቀንሱ፤ የቀን ሰዓት ታገኛላችሁ። 07:00 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። 15:00 ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ቁጥሩ ከ19 እስከ 23 ከሆነ 18 ቀንሱ። 22:30 ማለት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ቁጥሩ ከ00 እስከ 06 ከሆነ ግን 6 ጨምሩ፤ የሌሊት ወይም የንጋት ሰዓት ነው። 01:30 ማለት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው።

በዚህ በመጨረሻው ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ፈረንጅ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ቀኑን ይለውጣል። ቲኬቱ «ማክሰኞ 01:30» ቢል፣ ብዙ ሰው ማክሰኞን ውሎ፣ ማክሰኞ ማታ ሊሄድ ይሰናዳል። አውሮፕላኑ ግን አንድ ቀን ሙሉ ቀድሞት ሄዷል። አባቶቻችን ለዚህ የሚሆን ጥሩ ቃል አላቸው። «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» ይላሉ። ቲኬቱም የሚለው ይህንኑ ነው። መንገደኛ በረራው ከመነሣቱ 3 ሰዓት ቀድሞ መገኘት ስላለበት፣ ልጁ ቦሌ መግባት ያለበት ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የወሩም ቀን እንዲሁ በፈረንጅ ነው የሚጻፈው። ጃንዋሪ 13 ብሎ ቢጽፍ በእኛ በአብዛኛው ዓመት ጥር 5 ነው። ካለንበት ዓመት መቁጠሪያ ጋር አስተያዩት፤ ካልሆነላችሁ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሁኑ።

ልጆቻችሁን ልትጠይቁ የምትሄዱ አረጋውያንም ካላችሁ ይህ ይጠቅማችኋል። 17 ሰዓት መቀመጥ ለእግር ደግ አይደለም፤ ያብጣል፤ ደምም ሊረጋ ይችላል። በየጊዜው ተነሥቶ ወዲያ ወዲህ ማለትና ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ ሰው፣ ከመሄዱ በፊት የጤና ጣቢያውን ባለሙያ ይጠይቅ። «ጠዋትና ማታ ውሰድ» የተባለ መድኃኒት፣ ጠዋቱ 8 ሰዓት ሲዘገይ እንዴት እንደሚወሰድ ባለሙያው ይነግረዋል። መድኃኒቱም በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ይሁን እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሁን።

ወደዚያች ስልክ ጠባቂ እናት እንመለስ። ልጇ የተሳፈረው ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቲኬቱን አይታ «07:30 ይላል፤ ሰዓቱ አለፈ፤ ልጄ ምን ሆነብኝ?» ብላ ትጨነቃለች። በዚያ ሰዓት ልጇ ውቅያኖሱ ላይ ነው፤ ምናልባትም ተኝቷል። ከ4:30 ማታ ተነሥተን 17 ሰዓት ስንቆጥር በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ እንደርሳለን። ከአውሮፕላን ወርዶ፣ የመግቢያ ወረቀቱን አስመርምሮ፣ ሻንጣውን ተቀብሎ እስኪወጣ ሁለት ሰዓትም ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ ስልክ የምትጠብቀው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ወዲህ ነው። እስከዚያ ድረስ እህል ትቅመስ፤ ሥራዋንም ትሥራ። አውሮፕላኑም አንዳንድ ቀን ይዘገያል።

እሷም ከዚህ ስትደውል ሰዓቱን ታስብ። እኛ ዘንድ ማለዳ ሲሆን እዚያ ሌሊት ነው፤ ልጇን ከእንቅልፉ ትቀሰቅሰዋለች። በታኅሣሥና በጥር እኛ ዘንድ ማታ 1 ሰዓት ሲሆን፣ እዚያ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው።

ለመለማመጃ አንድ ጥያቄ እንተውላችሁ። ከቦሌ እስከ ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። አንዲት ልጅ በቲኬቷ ላይ ከቦሌ 23:15 ተነሥታ በማግስቱ 04:15 ዱባይ ትደርሳለች ይላል። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ቦሌ መግባት ያለባት በስንት ሰዓት ነው? መንገድ ላይ የምትቆየውስ ስንት ሰዓት ነው? ሠርታችሁ በሚቀጥለው ጊዜ አምጡልን፤ በሰሌዳው ላይ አብረን እናርመዋለን።